ደሴና ኮምቦልቻ ከውጭ ከተሞች ጋር ወዳጅነት ለመመሥረት ከየት ይጀምሩ?

የቦርከና ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት፤ እንደምን ሰነበታችሁ። «እህት ከተማ እንፈልግ» የሚል ሐሳብ በከተሞቻችን ስብሰባ ላይ ደጋግሞ ይነሳል፣ ሁሉም ይደግፈዋል፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ማን፣ ለማን፣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ ነው። አሁን ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደር የሚቀርብ አጭር መነሻ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ስለሆነ የምታውቁ አግዙን።

ክልል ውስጥ ያለ ከተማ ከውጭ ከተማ ጋር መፈራረም ይችላል ወይስ የፌዴራል ሥልጣን ነው? ፐብሊክ ዲፕሎማሲ የሚባለው በከተማ ደረጃ ሲሆን በተግባር ምን ሥራ ነው? የባህል ቡድን ልኮ እስክስታ ማሳየት ብቻ ነው? ወሎስ ምን ይዛ ትቅረብ? ስማችን ውጭ አገር ሲጠራ የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ አብሮ ይነሳል፤ ይህን እንዴት እንያዘው? በመጨረሻም፣ በጸጥታው ምክንያት እንግዳ መጋበዝ በማይቻልበት ጊዜ ምን ይሠራል? ገንዘቡንም አትርሱብን።

ጦሳ፦

እንኳን ጠየቃችሁ። ከሕጉ ልጀምር፤ አንዳንዱ አስተዳደር እዚህ ላይ ፈርቶ ይተወዋል፣ ሌላው ደግሞ ሳይጠይቅ ፈርሞ ኋላ ይቸገራል።

የውጭ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን መዋዋልና ማጽደቅ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ ተቀምጧል። የአዋዋሉና የአጸዳደቁ ሥነ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ይመራል። ስለዚህ ከተማ «ውል» ወይም «ስምምነት» ብሎ መብትና ግዴታ የሚያቆም ሰነድ አይፈርምም። የሚፈርመው የመግባቢያ ሰነድ ወይም የወዳጅነት መግለጫ ነው። በሰነዱ ውስጥ ሁለት ነገር መቅረት የለበትም፤ አንዱ ሰነዱ በዓለም አቀፍ ሕግ አስገዳጅ ግዴታ እንደማይፈጥር፣ ሌላው ማንኛውም ሥራ በየአገሩ ሕግና በየከተማው በጀት አቅም ብቻ እንደሚፈጸም የሚገልጸው ነው። ብድር፣ የመሬት ቃል፣ የቀረጥ ነፃ ቃል ፈጽሞ አይግባበት። ከንቲባ ቀረጥ የማስቀረት ሥልጣን የለውም። ቃሉን አምኖ ዕቃ የላከ ወዳጅ ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን ተይዞ ኪራይ ሲቆጥርበት ወዳጅነቱ እዚያው ያልቃል።

ረቂቁን መጀመሪያ የሕግ ባለሙያ ይየው፣ ከዚያ ለከተማው ምክር ቤት ይቅረብ፣ በክልሉ መንግሥት በኩል ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተልኮ አስተያየት ይሰጥበት። በዚያ አገር ያለው ኤምባሲያችንም ግልባጭ ይድረሰው። ይህ ሁሉ ከፊርማው በፊት ነው፤ ከፊርማ በኋላ «ለማሳወቅ ያህል» የሚጻፍ ደብዳቤ ማንንም አያስደስትም።

መንገዱ አዲስ አይደለም። አክሱም ከዴንቨር ጋር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ ባሕር ዳር ከክሊቭላንድ ጋር፣ አዲስ አበባ ከላይፕዚግ ጋር ከ2004 ጀምሮ፣ ጎንደር ከሞንትጎመሪ ጋር ከ2012 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። ሞንትጎመሪ ከተማ አይደለም፤ በሜሪላንድ ግዛት ያለ፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ካውንቲ ነው። ይህን የማነሣው አቻ ስትፈልጉ በከተማ ስም ብቻ እንዳትፈልጉ ነው። የእናንተ ሰው የት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ከከተማው ዝና ይበልጣል።

ፐብሊክ ዲፕሎማሲን በተመለከተ፦ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲነጋገር ዲፕሎማሲ ነው፤ ከተማችሁ ለሌላ አገር ሕዝብ፣ ማለትም ለመምህሩ፣ ለሙዚየም ሠራተኛው፣ ለውኃ መሐንዲሱ፣ ለጋዜጠኛው ስትናገርና እሱን ስታዳምጥ ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ነው። ማዳመጡ ይረሳል። ባነር ተሰቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚያልቅ ነገር ሥነ ሥርዓት ነው እንጂ ግንኙነት አይደለም።

ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ደብዳቤ የሚመልስ ዴስክ ነው። በከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሥር ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ እንግሊዝኛ በደንብ የሚጽፍ፣ ሌላው የከተማውን መምሪያዎች የሚያውቅ። ኢሜይሉ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደቡ ስም፣ በመንግሥት አድራሻ የተከፈተ ይሁን። የተለመደው ጥፋት ይህ ነው፦ ፎካል ፐርሰኑ (ግንኙነቱን የሚይዘው ሠራተኛ) በግል ኢሜይሉ ሁለት ዓመት ይጻጻፋል፣ ዝውውር ይመጣል፣ የይለፍ ቃሉም ወዳጆቹም አብረውት ይሄዳሉ፤ ከወዲያ የተላኩት ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ያጣሉ፤ በአራተኛው ፈንታ ሌላ ከተማ ይመረጣል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ የተላከና የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ይቀመጥ፣ በርክክብ ቅጹ ላይም እንደ ንብረት ይመዝገብ። መልሱ እስኪዘጋጅ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ «ደርሶናል፣ እስከዚህ ቀን እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር ይላክ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከተማችሁ የት እንደሆነች በሁለት መስመር፣ ለምን እነሱን እንደመረጣችሁ፣ ሊሠራ የታሰበው አንድ ነገር፣ ከናንተ በኩል የሚቀርበው፣ ማንን ማነጋገር እንዳለባቸው። «ለምን እነሱን» የሚለው ክፍል ላይ ነው ደብዳቤው የሚወድቀው። ያንኑ ደብዳቤ የከተማ ስም እየቀያየሩ ለዐሥር ቦታ የሚልኩ አሉ፤ ተቀባዩ በአንድ ንባብ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ደብዳቤ አምቡላንስ ወይም ኮምፒውተር መጠየቅም በሩን ይዘጋል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ አለች፦ የደሴም የወሎም የወልዲያም ስም በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። ምክር ቤቱ አንዱን መርጦ ይወስን፣ በማኅተምም በድረ ገጽም በካርታም ላይ እሱ ብቻ ይዋል። አለበለዚያ የሚፈልጋችሁ ሰው ግማሹን መረጃ አያገኝም።

ሐይቅ ዳር፦

ጦሳ የጻፈውን ሕጉን በተመለከተ የምጨምረው የለም። ወሎ ምን ይዛ ትቅረብ ለሚለው ግን ብዙ አለ፤ እስክስታው መልካም ነው፣ ግን ከመድረክ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ለዓመታት የሚያጻጽፍ ነገር ያስፈልጋል።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ውሰዱ። ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት የትምህርት ማዕከል ነው፤ የእሳቸው ወንጌል እስከ ዛሬ ይታወቃል። ይህ ወንጌልና ሌሎች የገዳሙ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥተዋል። በዚያ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ 9,000 ገደማ መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ ቅጂው አዲስ አበባም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍትም አለ። እንግዲህ ከሐይቅ ወደ ሚኒሶታ ገመዱ ከተዘረጋ ግማሽ ክፍለ ዘመን ሆኖታል፤ የሚጎትተው ነው የጠፋው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ገዳሙና ያ ቤተ መጻሕፍት በአንድ የበይነ መረብ ትምህርት ላይ ቢገናኙ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ፈቃዱ ግን ከገዳሙና ከሀገረ ስብከቱ መጀመር አለበት፤ ባለቤቱን ዘሎ ከዩኒቨርሲቲ የሚጀመር ሥራ ገዳሙ በር ላይ ይቆማል።

በሌላ በኩል የወሎ መንዙማ አለ፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው ዐጀም። ጃማ ንጉሥና ዳና የዚህ ዕውቀት ቤቶች ናቸው። በዐረብኛ ፊደል የራሳቸውን ቋንቋ የጻፉ ሕዝቦች ከሐረር እስከ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ስላሉ፣ ዐጀም ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዚህ ጆሮ አላቸው። የገዳሙና የሼኮቹ መጻሕፍት ጎን ለጎን በአንድ ዐውደ ርእይ ሲቀርቡ ወሎ ማን እንደሆነች ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዋናው ብራና ግን ከአገር አይውጣ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ለዐውደ ርእይ ፎቶው ይበቃል። 30 ያህል ምስል፣ በኤ2 መጠን፣ ከያንዳንዱ በታች በሁለት ቋንቋ ከ60 ቃል ያልበለጠ መግለጫ አድርጋችሁ ፋይሉን ላኩላቸው፤ ኅትመቱ እዚያው ይሁን። ከዚህ አትሞ መላክ ወጪውም ውድ ነው፣ ወረቀቱም በመንገድ ይጎዳል።

ሙዚቃውን በተመለከተ፦ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታ ስም ይጠራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው የፈጠራ ከተሞች መረብ ሙዚቃን እንደ አንድ ዘርፍ ይቀበላል። ጥሪው በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ ከአንድ አገር የሚቀርቡት ከሁለት አይበልጡም፣ የአገሩ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን ድጋፍ ደብዳቤም ግዴታ ነው። ስለዚህ ደሴ ሳታማክር ብትጽፍ ኮታው በሌላ ከተማ ተሞልቶ ልታገኘው ትችላለች፤ ኮሚሽኑን ጥሪው ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ማነጋገር ነው። ማመልከቻው የሚጠይቀው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ በአራት ዓመት ውስጥ ምን እንደምትሠራ፣ በስንት ገንዘብ፣ ማን እንደሚከታተለው ይጠይቃል። አባል ከሆኑ በኋላም በየአራት ዓመቱ ሪፖርት አለ። «የቅኝት መገኛ ነን» ብሎ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የቀረጻ ክፍል፣ የአዝማሪና የመንዙማ ባለሙያ መዝገብ የሌለው ከተማ እዚያ ላይ ይቸገራል። ከመዝገቡ ጀምሩ፤ ወረቀትና ሁለት ወጣት ነው የሚፈልገው።

መቅደላን አንርሳ። ቦታው እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ሚያዝያ 1860 የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ከወሰደው መካከል ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ሌሎች ቅርሶች በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምና በሌላም ቦታ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከብሔራዊ ጦር ሙዚየም ተመልሷል። የማስመለስ ጥያቄ የአገር ጥያቄ ነው፤ ከተማ ወይም ወረዳ ለብቻው ደብዳቤ ቢጽፍ የፌዴራሉን ድርድር ከማወክ ያለፈ አይጠቅምም። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለአደራዎች ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጡ እ.ኤ.አ. የ1963 ሕግ ራሱ ያጠብባቸዋል። ወረዳውና ዞኑ የሚችሉት ሌላ ነው፦ የዲጂታል ቅጂ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መጠየቅ፣ ለሙዚየሞቹ መግለጫ ጽሑፍ የአካባቢውን ሰው ትረካ ማቅረብ፣ የመቅደላ አካባቢ የተንታ ተማሪ ከለንደን ተማሪ ጋር ስለ አንድ ዕቃ የሚወያይበትን ክፍለ ጊዜ ማዘጋጀት። ሙዚየሞቹም ይህን ለመቀበል በራቸው ዛሬ ከቀድሞው ሰፋ ብሏል።

ስለ ረሃቡ ጠይቃችኋል። አትደብቁት፣ መግቢያም አታድርጉት። የከተማ ፕሮፋይል ላይ «በድርቅ የተጎዳ» ብሎ የሚጀምር ሰው ለጋሽ ያገኝ ይሆናል እንጂ አቻ አያገኝም። ነገር ግን በ1977 በወሎ የሠሩ ነርሶች፣ መካኒኮች፣ ጋዜጠኞች ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ በየቤታቸው ፎቶና ደብዳቤ አለ። እነሱ ሳያልፉ ያ ሰነድ ቅጂው ወደ ደሴ ቢመጣ የእኛም ታሪክ ነው። ጥሪው በየከተማቸው ጋዜጣና በእርዳታ ድርጅቶቹ የቀድሞ ሠራተኞች ማኅበር በኩል ይውጣ። ፎቶው ቢያንስ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ጥራት ስካን ይደረግ፤ ቦታው፣ ወሩና ያነሣው ሰው ይጻፍ፤ የአጠቃቀም ፈቃዱ ይፈረም። የተራቆተ ሕፃን ምስል ለአደባባይ አይውጣ፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ በመካከላችን የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። ቅጂው ወደ ቀበሌው ተመልሶ «ይህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፎቶው ላይ ስም ሲጻፍበት፣ ያኔ ስም አልባው የረሃብ ምስል ሰው ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ስማችንን የሚያድስ ሥራ አይታየኝም።

ላስታ፦

ገንዘብ ላይ ልግባ፤ ብዙው ከንቱ ድካም እዚህ ነውና።

አብዛኛው የውጭ ከተሞች የትብብር ገንዘብ ኢትዮጵያዊ ከተማ ራሷ አመልክታ የምታገኘው አይደለም፤ አመልካቹ የወዲያኛው ከተማ ነው። በፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚደጎሙ የከተማ ለከተማ ፕሮጀክቶችን የሚያመለክተው የፈረንሳዩ አስተዳደር ነው። ጀርመንም እንዲሁ፣ የጀርመኑ ከተማ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልውውጥ በኢራስመስ ፕላስ (በአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም) ሲሆን የልውውጥ ገንዘቡን የሚጠይቀው የአውሮፓው ተቋም ነው። ስለዚህ «ፈንድ አፈላልጉልን» ብሎ ከመጻፍ እዚያ ያለው ሰው ለራሱ ምክር ቤት የሚያቀርበውን ወረቀት በሁለት ገጽ አዘጋጅቶ መላክ ይሻላል፦ ችግሩ፣ አሁን ያለው መረጃ፣ የሥራው ዝርዝር፣ ከናንተ የሚወጣው ሰውና ዕቃ፣ የቦታው ፎቶ። የእሱን ሥራ ስታቀሉለት ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሊታወቅ የሚገባ አንድ የፈረንሳይ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የፈረንሳይ ከተሞችና የውኃ አገልግሎቶች ከውኃና ፍሳሽ ገቢያቸው እስከ 1 በመቶ ድረስ ለውጭ የውኃ ትብብር ማዋል ይችላሉ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ይህ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ የቦርከና ወንዝ ሁለቱንም ከተማ ያያይዛል፣ የላይኛው ከተማ ቆሻሻ ለታችኛው ይደርሰዋል፣ ፋብሪካዎቹም በዚያው ዳር ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአምስት ቦታ በየወሩ የውኃውን ፒኤች፣ ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የሟሟ ኦክስጅን ቢለኩ በአንድ ዓመት 60 የልኬት መስመር ይኖራችኋል። ይህን ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣ ከተማ የአቻ መሐንዲስ ቀልብ ይስባል፤ «ወንዛችን ተበክሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ማንንም አያስነሳም።

ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዘዋ ገደል መካከል የተቀመጠች፣ መሬት መንሸራተት የሚያስቸግራት ከተማ ናት። በተዳፋት ላይ የተሠሩ ብዙ የጣሊያን፣ የኔፓልና የኮሎምቢያ ከተሞች ያው ችግር አለባቸው። አቻ በችግር ሲመረጥ ሁለቱም አስተማሪም ተማሪም ይሆናሉ፤ በዝና ሲመረጥ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። ለዚህም ነው ሁሉም ከተማ ላሊበላን መምሰል የለበትም የምለው። ላሊበላ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በራሱ ስም ይጠራል፣ የራሱ ወዳጆችም አሉት። ደሴ የራሷን ጥያቄ ይዛ ትውጣ።

ለአነስተኛ ሥራ የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክት የሚሰጠው እርዳታ አለ፤ የአካባቢ መስተዳድርም ማመልከት ይችላል። ግንባታና ዕቃ እንጂ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ አይሸፍንም። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ሕንፃው ከተሠራ በኋላ መብራቱን፣ ጥበቃውንና ጥገናውን ማን እንደሚከፍል የሚገልጽ የበጀት ደብዳቤ ስለማይያያዝ ነው።

የበጀት ዓመት ልዩነትን አስቡ። የኛ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ከተሞች በጃንዋሪ 1፣ ጃፓን በኤፕሪል 1። የአውሮፓ ከተማ በመጪው ዓመት በጀቱ እንዲያስገባችሁ ጥያቄው ቢዘገይ በመስከረም እጁ መድረስ አለበት። በታኅሣሥ የደረሰ ደብዳቤ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጸጥታው። ብዙ ኤምባሲዎች ለአማራ ክልል የጉዞ ማሳሰቢያ አውጥተዋል። ማሳሰቢያ ባለበት ቦታ የውጭ ከተማ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ አይላክም፣ የጉዞ መድኑም ላይሠራለት ይችላል፤ «እኛ እንጠብቃችኋለን» የሚል ግብዣ ይህን አይቀይረውም፣ ጋባዡንም ታማኝነት ያሳጣዋል። እውነቱን ጻፉላቸው። በሩቅ የሚሆኑ ሥራዎችን አስቀድሙ፤ የሥራ ስብሰባ ካስፈለገ አዲስ አበባ ላይ ይሁን። ለበይነ መረብ ስብሰባ ሁለት የተለያየ የኢንተርኔት መስመርና መብራት ቢጠፋ የሚያስቀጥል ባትሪ ይዘጋጅ፣ ጽሑፎቹ ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ይላኩ፤ መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ወዲያ ያለው ሰው ሥራውን ይቀጥላል። የተማሪ ልውውጥ ከሆነ የልጆች ፎቶ ከመላኩ በፊት የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል፤ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች በግል መረጃ ሕጋቸው ምክንያት ያለዚያ አይቀበሉም።

ከኛ ወገን ሰው ወደ አውሮፓ የሚሄድ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ይቀርባል፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል 15 ቀኑን አትመኑ። የሚላከው ሰው ሥራውን የሚሠራው ባለሙያ ይሁን። ስምንት ሰው ተጉዞ ከውኃ መሥሪያ ቤቱ አንድም ያልነበረበት ልዑክ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ስጦታ ብቻ ነው።

የቦርከና ዳር፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅንም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ጋሽ ጦሳ፣ ወሎዬ በብዛት ያለው አውሮፓ ሳይሆን አረብ አገር ነው፤ ጅዳና ሪያድ፣ ቤይሩት። ከእነዚያ ጋር ግንኙነት መጀመር አይቀልም ወይ? ሌላው፣ የመግባቢያ ሰነዱ በስንት ቋንቋ ይጻፍ? አንዳንዶች «እንግሊዝኛው ይበቃል፣ አማርኛው ለቢሮ ተተርጉሞ ይቀመጣል» ይላሉ።

ጦሳ፦

በሰው ብዛት አዎን፣ ይቀርባል። አካሄዱ ግን ይለያል። ሳዑዲ ውስጥ የከተማ አስተዳደር በሚኒስቴር ሥር ያለ አካል ነው፤ እንደ አሜሪካ የከተማ ምክር ቤት ተሰብስቦ «እህት እንሁን» ብሎ አይወስንም። ስለዚህ በቀጥታ ለከተማው ከመጻፍ በንግድ ምክር ቤት ለንግድ ምክር ቤት መጀመር ይቀላል፤ ማር፣ ቡና፣ የቁም ከብት፣ የኮምቦልቻ የፋብሪካ ምርት መነጋገሪያ ይሆናል። የሠራተኛ ስምሪት ጉዳይ ግን አይነካ፤ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሚመራ የፌዴራል ሥራ ነው፣ ከተማ እጇን ካስገባች በደላላ ትጠረጠራለች። ከተማዋ ማድረግ የምትችለውና ማንም የማይከለክላት በቆንስላውና በኮሚኒቲ ማኅበሩ በኩል ከራሷ ልጆች ጋር መገናኘት ነው፤ የመውሊድ ሰሞን የመንዙማ ዝግጅት በቀጥታ ስርጭት፣ ለተመላሾች የሥራና የብድር መረጃ፣ ሰነድ ለጠፋባቸው የልደት ማስረጃ በፍጥነት መላክ። እዚያ ያለች እኅታችን የቀበሌ ወረቀቷ በሳምንት ከደረሳት ስለ ከተማዋ የምትናገረውን ማንም ባነር አይናገረውም።

ቋንቋውን ለአምባሰል ልተወው፤ የሱ አገር ጉዳይ ነው።

አምባሰል፦

በእርግጥ የአገራችን ጉዳይ ነው። ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ነች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ፤ የአንድ ግሥ ልዩነት አድዋ ድረስ ወሰደን። የከተማ ሰነድ ጦር አያማዝዝም። ግን «ይተባበራሉ» እና «ይሸፍናሉ»፣ «ይጥራሉ» እና «ያደርጋሉ» ሲምታቱ በየዓመቱ ገንዘብ ይላካል ብሎ የጠበቀው ወገን ይቀየማል።

ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች የሥራ ቋንቋ ይጻፍ፤ ሦስተኛ ቋንቋ ካስፈለገ እንግሊዝኛው ለማመሳከሪያ ይጨመር፣ አለመግባባት ቢፈጠር የትኛው እንደሚታይም በሰነዱ ይጻፍ። «ለቢሮ ተተርጉሞ ይቀመጣል» የሚባለው አማርኛ ከፊርማው በኋላ በችኮላ ስለሚሠራ አይታመንም። ትርጉሙን አንድ ሰው ይሥራ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ብቻ አንብቦ ወደ ውጭ ቋንቋው ይመልሰው፤ ሁለቱ ሲተያዩ የተንሸራተተው ግሥ ይገኛል። ለሦስት ገጽ ሰነድ ሁለት ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ጻፉ። 5/6 ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ሜይ 6፣ ሌላው ጁን 5፣ የኛው ሰው የካቲት 5 ብሎ ያነብበዋል። ሰዓትም እንዲሁ፦ ጀርመን በጥር «ጠዋት 9 ሰዓት» ሲሉ በደሴ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ እነሱ በማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲያስተካክሉ ደግሞ 4 ይሆናል።

ለፊርማ ሲታተም አማርኛውና የወዲያኛው ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን፣ አንቀጽ በአንቀጽ ትይዩ ሆነው ይታተሙ እንጂ ለየብቻ አይጠረዙ። የአንዱ አንቀጽ ከሌላው ሲረዝም ወይም ሲያጥር ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ፈራሚው ራሱ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ይቺስ ለምን ረዘመች?» ብሎ ይጠይቃል።